የትልቅ አውሬ ጥይት አመራረጥ

በራዲዮ የተነገረ



በአባቶቻችን ዘመን ጠመንጃ የሚታወቀው በስሙ ነበረ። ውጅግራ፥ አልቢን፥ ምንሽር እየተባለ ይጠራ ነበር እንጂ የአፈሙዙን ስፋት በቁጥር ለክቶ የሚናገር ሰው ጥቂት ነበረ። ውጅግራ የምንለው ፉዚ ግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ወደ አገራችን ሲገባ ስሙ በአንደበታችን ተለውጦ ቀረ። የፈረንሳይ ጦር ይህን ጠመንጃ የተቀበለው በ1874 ነው፤ አፉ 11 ሚሊሜትር ስፋት ነበረው፤ የሚሠራውም በጥቁር ባሩድ ነበረ። በዚያ ዘመን የጠመንጃ ጥይት በአገራችን እጅግ ተፈላጊ ከመሆኑ የተነሣ፥ በገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብ ፈንታ እየተሰጠ ዕቃ ይገዛበት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1886፥ ያው የፈረንሳይ ጦር ለቤል የተባለውን ጠመንጃ ተቀበለ። የለቤል አፉ 8 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፥ ባሩዱ ጢሱ እጅግ ያነሰ፥ ጥይቱም ከውጅግራው ይልቅ በብዙ የፈጠነ ነበረ። እንግዲህ ወፍራምና ዝግ ያለ ጥይት ይሻላል ወይስ ቀጭንና ፈጣን? የሚለው ክርክር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተቋረጠም። በጦር ሜዳ ክርክሩ ቶሎ ተፈረደ፤ ቀጭኑ ረታ። በዝሆንና በጎሽ አደን ግን ወፍራሙ ጥይት እስከ ዛሬ ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ስለ ወፍራሙ ጥይት ነው፤ ይኸውም ከብዙዎቹ መካከል አንዱን እንዴት መምረጥ እንደሚገባና ጥይቱን በገዛ እጁ የሚሞላ ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት ለመግለጽ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምናልባት ይህ ነገር የአዳኞች ጨዋታ ብቻ መስሎ የሚታያችሁ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ። ደኅና ሆኖ ያልተመታ ጎሽ ወዲያው አይሞትም፤ ቁስሉን ይዞ ወደ ጥሻ ይገባል፥ በዚያም ይቆያል። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ የሚያገኘው ሰው ያቆሰለው አዳኝ ላይሆን ይችላል፤ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ወይም ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጥይት ምርጫ የሌላ ሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነው።

ጥይት ከምን ከምን ይሠራል?

ጥይት አራት ነገሮች የተገጣጠሙበት ነው። የመጀመሪያው ከናስ የተሠራው ቀለህ ነው። ሁለተኛው በቀለሁ ግርጌ የምትቀመጠው፥ መርፌው ሲመታት እሳት የምትጭረው ትንሽ ቆብ ናት። ሦስተኛው ባሩዱ፥ አራተኛው ደግሞ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው አረር ነው። ምላጩ ሲሳብ ቆቢቱ እሳት ትሰጣለች፤ ባሩዱ ተቃጥሎ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም ማምለጫ ሲፈልግ አረሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጠመንጃውም በዚያው ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ በሰደፉ የተኳሹን ትከሻ ይረግጠዋል።

ከዚህ ሁለት ሕጎች ይከተላሉ። አንደኛው፥ አረሩ በከበደና በፈጠነ መጠን አውሬውን ጠልቆ ይወጋል፤ በዚያው መጠንም የተኳሹን ትከሻ ይመታል። ሁለተኛው፥ ቀለሁ ሰፊ ሲሆን ብዙ ሥራ በመጠነኛ ግፊት ይሠራል፤ ጠባብ ሲሆን ግን ያንኑ ሥራ ለመሥራት ባሩዱ ተጨናንቆ ግፊቱ ከፍ ይላል። ይህን ሁለተኛውን ሕግ አድማጮቼ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ የንግግሬ ዋና ነገር እርሱ ነውና።

በጥይት ስም ላይ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የኢንች ክፋይ ነው። 375 ሲባል የአንድ ኢንች ሺኛ እጅ 375 ጊዜ ማለት ነው፤ ይህም 9.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ዳሩ ግን ቁጥሩ መጠሪያ እንጂ ሁልጊዜ እውነተኛ ልክ አይደለም። 450 የሚባለው ጥይት አረሩ ሲለካ 458 ነው፤ 404 ጄፍሪ የሚባለው 423 ነው፤ 470 የሚባለውም 475 ያህል ነው። ስለዚህ ስሙን ብቻ አምኖ አረር የሚገዛ ሰው የማይገጥም ነገር ይዞ ይመለሳል።

ከመድፍ ልጅ እስከ ኮርዳይት

በጥቁር ባሩድ ዘመን የአረሩን ፍጥነት ከተወሰነ ልክ በላይ ማሳደግ አይቻልም ነበር። ኀይል የፈለገ ሰው አረሩን ማወፈርና ማክበድ ነበረበት። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ በ1861ና በ1862 በአትባራና ተከዜ ቁልቁል ወርዶ ሰቲት በሚባልበት አገር ሲያድን፥ ግማሽ ፓውንድ ማለት 227 ግራም የሚመዝን አረር የሚተኩስ ጠመንጃ ነበረው። በዚያ የነበሩት ዐረቦች ይህን መሣሪያ የመድፍ ልጅ ብለው ሰየሙት። ቤከር ግዙፍና ብርቱ ሰው ሳለ፥ ጠመንጃው ሲተኮስ እርሱን ራሱን ያሽከረክረው ስለ ነበረ፥ የሚተኩሰው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። የሚፈራ መሣሪያ ደግሞ በችግር ጊዜ አይታመንም።

በ1884 ፖል ቪየይ የተባለው ፈረንሳዊ ጢስ የማያበዛውን ባሩድ ሠራ፤ በ1889ም እንግሊዞች ኮርዳይት የተባለውን፥ ከናይትሮግሊሰሪንና ከባሩድ ጥጥ የተቀመመውን፥ እንደ ሲባጎ የረዘመውን ባሩድ አወጡ። በ1898 ሪግቢ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ኮርዳይትን ረዥም ቀለህ ውስጥ ሞልቶ 450 ናይትሮ ኤክስፕሬስን አወጣ። ይህ ጥይት 31 ግራም የሚመዝነውን አረር በሴኮንድ 655 ሜትር ያህል ያስኬደዋል። ከመድፍ ልጅ አረር ጋር ሲተያይ ይህ አረር ሰባተኛውን እጅ እንኳ አይመዝንም፤ ነገር ግን በፍጥነቱና በጥንካሬው ዝሆንን ለመጣል በቂ ሆነ።

ኮርዳይት ግን አንድ ጠባይ ነበረው። ሙቀት ሲያገኘው ግፊቱ ይጨምራል። በለንደን ብርድ ተሞክሮ ልክ የሆነው ጥይት በአፍሪካና በህንድ ፀሐይ ሲውል ቀለሁ ከመጉረሻው ላይ ተጣብቆ አልወጣ ይል ነበር። ጎሽ እየመጣ ሳለ ቀለህ አልወጣም ማለት ምን እንደ ሆነ መተርጐም አያስፈልግም። ስለዚህ ጠቢባኑ ጠመንጃ ሠሪዎች ቀለሁን ሰፊና ረዥም አድርገው ግፊቱን ዝቅ አደረጉት። አስቀድሜ የተናገርሁት ሁለተኛው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ የመንግሥት ውሳኔ የጥይትን ታሪክ ለወጠው። የእንግሊዝ መንግሥት አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች አፋቸው 450 ስለ ነበረ፥ ጥይቱ በዐመፀኞች እጅ እንዳይገባ በመስጋት በ1907 ገደማ 450 የተባለው የጥይት ዓይነት ወደ ህንድና ወደ ሱዳን እንዳይገባ ተከለከለ። ጠመንጃ ሠሪዎቹም ከክልከላው ለመውጣት ቁጥሩን ጥቂት ጥቂት እያሳደጉ አዳዲስ ጥይት አወጡ። ከእነዚህም መካከል ረዥም ዕድሜ ያገኘው 470 ናይትሮ ኤክስፕሬስ ነው። 32.4 ግራም የሚመዝነውን አረር እንደ 450ው በሴኮንድ 655 ሜትር ያህል ይልካል። የሚተኮሰውም አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት አፈሙዝ በሆነ ጠመንጃ ነው፤ ሁለቱ ጥይት ቃታ ሳይሳብ ተከታትሎ ይወጣልና በጥሻ ውስጥ ለቅርብ ፍልሚያ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን የጠመንጃው ዋጋ እጅግ ውድ ነው፤ ሁለቱም አፈሙዞች አንድ ቦታ እንዲመቱ የሚስተካከሉት በአንድ ዓይነት አረርና ፍጥነት ስለ ሆነ፥ ጥይቱ ሲለወጥ ምቱ ይበታተናል።

ሁለቱ የቃታ ጠመንጃ ጥይቶች

ዋጋው የቀለለ፥ ከሁለት ጥይት በላይ የሚይዝ የቃታ ጠመንጃ የፈለጉ ሰዎች ሁለት ዝነኛ ጥይቶችን አገኙ። አንደኛው በ1911 የወጣው 416 ሪግቢ ነው። አረሩ 26.6 ግራም ይመዝናል፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 720 ሜትር ያህል ነው። ቀለሁ እንደ ገንቦ ሆደ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራው በመጠነኛ ግፊት ነው፤ በበረሃ ሙቀትም ቀለሁ ያለ ችግር ይወጣል። ጉድለቱ ይህ ሰፊ ቀለህ በተራ የማውዘር ቃታ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ታላቁን የማውዘር ቃታ ይፈልጋልና ጠመንጃው ከባድና ውድ ይሆናል።

ሁለተኛው በ1912 የወጣው 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ነው። አረሩ ከ15 እስከ 19.4 ግራም ይደርሳል፤ ከባዱ አረር በሴኮንድ 770 ሜትር ያህል ይሄዳል። ቀለሁ ከግርጌው ወደ አፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ወደ መጉረሻው እንደ ቅቤ ይገባል፥ እንደዚሁም ይወጣል። በግርጌው ዙሪያ ያለው የናስ መቀነት ጥይቱን በቦታው ያቆመዋል። ኀይሉ ከ416ው ያንሳል፤ ርግጫውም በዚያው መጠን ይቀላል። ቀለል ያለው አረሩ በሩቅ ብዙ ሳይወርድ ስለሚሄድ፥ ለጎሽ የተገዛው ጠመንጃ በባሌ ተራራ እንደሚኖረው እንደ ደጋ አጋዘን ያለውን አውሬ ከሸለቆ ማዶ ለመምታትም ያገለግላል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የአደን ሕግ ለአደገኛ አውሬ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ልክ 375 ወይም ከእርሱ የሚቀራረብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ቤል የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ፥ በምዕራብ ኢትዮጵያ በጌሎ ወንዝ አካባቢ እንኳ ሳይቀር ያደነው ሰው፥ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ዝሆኖች የገደለው በአብዛኛው 7 ሚሊሜትር በሆነ ቀጭን ጥይት አይደለምን? እውነት ነው። ነገር ግን ቤል የዝሆንን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጐሉ ያለበትን ስፍራ ያጠና፥ ዓላማው እስኪመቻችለት ድረስ የሚታገሥ፥ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነበረ። የእርሱ ታሪክ የሚያስተምረው አረር ያረፈበት ስፍራ ከአረሩ ውፍረት እንደሚበልጥ ነው እንጂ፥ ማንም ሰው ቀጭን ጥይት ይዞ ዝሆን ይግጠም ማለት አይደለም።

የ458ው ፈተና

በ1956 ዊንቸስተር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ 458 ዊንቸስተር ማግነም የተባለውን ጥይት አወጣ። ሐሳቡ መልካም ነበረ። ባለጸጋ ያልሆነ ሰው በተራ ቃታ ውስጥ በሚገባ አጭር ጥይት የ470ውን ኀይል ያግኝ የሚል ነው። 32.4 ግራም አረር በሴኮንድ 650 ሜትር ይሄዳል ተባለ። ዋጋው ስለ ቀለለ በአፍሪካ አዳኞች ዘንድ በፍጥነት ተሰራጨ።

ነገር ግን የቀለሁ ርዝመት 63.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያን ያህል ባሩድ በዚህ ጠባብ ቤት ለማስገባት ፋብሪካው ባሩዱን መጠቅጠቅ ግድ ሆነበት። የተጠቀጠቀው ባሩድ ከጊዜ ብዛት እንደ አሮጌ ጨው እየረጋ ጓጐለ፤ አንዳንዱም ጥይት በሚገባ ሳይቃጠል ቀረ። ጠመንጃዎቹ ደግሞ ልኩ ከተወሰደበት አፈሙዝ አጠር ያሉ ስለ ነበሩ፥ እውነተኛው ፍጥነት በወረቀት ላይ ከተጻፈው አነሰ። አዳኙ ግን የሚያምነው በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ነበር።

ጃክ ሎት የተባለ አሜሪካዊ አዳኝ በ1959 በሞዛምቢክ በጎሽ ተመትቶ ክፉኛ ቈሰለ። ከዚያ በኋላ 458ው የጐደለው ምን እንደ ሆነ ሲመረምር ቆይቶ በ1971 የራሱን 458 ሎት አወጣ። የፈጠረው ነገር እጅግ ቀላል ነበረ፤ ያንኑ አረርና ያንኑ ውፍረት ይዞ ቀለሁን ወደ 71 ሚሊሜትር አስረዘመው። ባሩዱ ቦታ አገኘ፤ አረሩም በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል መሄድ ቻለ። ለሎት የተሠራ ጠመንጃ አጭሩን 458 ዊንቸስተርም መተኮስ ይችላል። ከጊዜ በኋላም የተሻሻለ ባሩድ ወጥቶ የዊንቸስተሩ ጥይት ጉድለት በብዙ ቀንሷል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ አልቀረም፤ የጠበበ ቀለህ ለስሕተት ቦታ አይተውም።

ጥይትን በእጅ ስለ መሙላት

የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። ሕጉ በሚፈቅድበት አገር፥ ቆቡን ለውጦ፥ ቀለሁን በመሣሪያ አስተካክሎ፥ ባሩዱን መዝኖ አረሩን መልሶ የሚሞላ ሰው ሁለት ጥቅም ያገኛል። የትልቅ ጠመንጃ ጥይት ዋጋ ውድ ስለ ሆነ ወጪው ይቀልለታል፤ ወጪው ሲቀልለት ደግሞ ብዙ ይለማመዳል። ሁለተኛም በሣጥን ላይ የተጻፈውን ከማመን ይልቅ ራሱ ለክቶ ያውቃል። ነገር ግን ሥራው ችኮላን አይወድም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት በባሩድ ላይ አይሠራም፤ በባሩድ የቸኮለ ሰው የሚለቅምበት ጣት ላይተርፈው ይችላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ አደገኛው ስሕተት አንዱን ቀለህ ለሁሉም ጠመንጃ እኩል አድርጎ ማየት ነው። የአሜሪካን ጦር በ1873 የተቀበለው 45-70 የተባለው ጥይት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስሙ የሚያመለክተው የአፈሙዙን ስፋትና 70 ግሬን፥ ማለት 4.5 ግራም የሚሆን ጥቁር ባሩድን ነው። ይህ ጥይት ዛሬም ይሠራል፤ የሚተኮሰውም ጥንካሬአቸው እጅግ በተለያየ ጠመንጃዎች ነው። ስለዚህ የመሙያ መጻሕፍት ለዚህ አንድ ቀለህ ሦስት ዓይነት ልክ ይጽፋሉ፤ አንዱ ለ1873ቱ አሮጌ ጠመንጃ፥ ሁለተኛው መካከለኛ ጥንካሬ ላላቸው፥ ሦስተኛው ብርቱ ለሆኑት ለአዲሶቹ ነው። ለአዲሱ የተሞላው ጥይት በአሮጌው ጠመንጃ ያለ ችግር ይገባል፤ ችግሩ የሚመጣው ምላጩ ሲሳብ ነው፤ ያን ጊዜ ጠመንጃው ይፈነዳል። ስለዚህ የተሞላ ጥይት ሁሉ በሣጥኑ ላይ የጠመንጃው ስም፥ የባሩዱ ዓይነትና ሚዛን፥ የተሞላበትም ቀን ሊጻፍበት ይገባል። በቢሮ ውስጥ ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ዋጋ እንደሌለው ሁሉ፥ ጽሕፈት የሌለበት ጥይትም መጣል እንጂ መተኮስ የለበትም።

ከዚህ በቀር አራት ነገሮች ይታሰቡ። መጀመሪያ፥ በመጽሐፉ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ከዝቅተኛውም በታች መውረድ አይገባም። በሰፊ ቀለህ ውስጥ የተነዛ ጥቂት ባሩድ አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ የሆነ አደገኛ ግፊት ያስከትላልና። ሁለተኛ፥ በትልቅ ጠመንጃ ርግጫ ምክንያት በካዝናው ውስጥ ያሉት ጥይቶች እየተንገጫገጩ አረራቸው ወደ ውስጥ እንዳይሰጥም የቀለሁ ከንፈር በአረሩ አንገት ላይ ሊጠበቅ ይገባል። ሦስተኛ፥ በብርድ ጧት ልክ የሆነው ጥይት በቆላ ቀትር ልክ ላይሆን ይችላልና፥ ከመጨረሻው ልክ ላይ መቆም የለበትም። የ416ን የመሰለ ሰፊ ቀለህ የተከበረው በዚሁ ምክንያት ስለ ሆነ፥ ቦታ አለ ብሎ ባሩድ የሚጨምርበት ሰው የገዛውን ጥቅም መልሶ ያጠፋዋል። አራተኛ፥ ወደ ዱር የሚወርደው ጥይት ሁሉ አስቀድሞ አንድ በአንድ በጠመንጃው ጐርሶ መውጣቱ ይፈተን፤ ይህም ሲደረግ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ስፍራ የዞረ ይሁን።

ስለ አረሩም አንድ ቃል ልናገር። አፉ ለስላሳ የሆነ አረር ሥጋ ሲያገኝ ይሰፋል፤ ለአንበሳና ለጎሽ የመጀመሪያ ምት መልካም ነው። ዝሆን ግን አጥንቱ ወፍራም ስለ ሆነ፥ ሳይሰፋና ሳይጣመም ጠልቆ የሚገባ ድፍን አረር ያስፈልገዋል። የጥይቱ ቁጥር ትልቅ ሆኖ አረሩ ያለ ስፍራው ከዋለ ሁሉ ከንቱ ነው።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ?

አንድ ጠመንጃ ብቻ የሚገዛ ሰው 375 ሆላንድን ቢይዝ አያፍርም። ከእርሱ የሚበልጡ ብርቱ ጥይቶች ሞልተዋል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ሳይፈራ ሊተኩሰው የሚችል፥ ከሩቅም ከቅርብም የሚያገለግል እንደ እርሱ ያለ አይገኝም። በጥሻ ውስጥ ከጎሽና ከዝሆን ጋር መገናኘት የዘወትር ሥራው የሆነ፥ የቆሰለውንም አውሬ ተከትሎ የመጨረስ ኀላፊነት ያለበት ሰው 416 ሪግቢን ይምረጥ። ገንዘብ ያለውና የሚተኩሰው በቅርብ ብቻ የሆነ ባለ ሁለት አፈሙዙን 470 ይውሰድ። 458 ያለው ሰው ሚዛንና የፍጥነት መለኪያ ይኑረው፤ ያ ካልሆነለት ወደ ሎት ይለውጠው።

ከሁሉ በላይ ግን እያንዳንዱ ሰው ትከሻውን ይመርምር። ርግጫ የፈራ ተኳሽ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው የያዘው ጥይት 375 ቢሆን 470 ቢሆን ለውጥ የለውም። ከባዱን ጠመንጃ ይዞ ከሚስት ሰው ይልቅ መጠነኛውን ይዞ የሚመታው ይበልጣል። አስቀድሜ የጠራኋት፥ ወደ ወንዝ የወረደችው ሴት፥ በአዳኙ ሣጥን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አታውቅም። እርስዋን የሚያድናት ጎሹ በመጀመሪያው ምት መውደቁ ብቻ ነው።